የተከራዮች ጽዋ

ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ክረምቱ በርትቶ ነበር። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን፣ በእመቤታችን ዕለት፣ ገርጂ እትዬ የሺ ቤት ማኅበር ተቀምጠናል። ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይደበድባል። አባ ጸሎቱን አሳርገው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁላችንም ቀምሰን ጨርሰናል። የቀረው ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ ማስረከብ ነው። ተረኛዋ ወሩን ሙሉ ጽዋውን ቤቷ ታስቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ሃያ አንድ ደግሞ ማኅበርተኛው እሷ ቤት ይሰበሰባል። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ስነሣ እትዬ የሺ እጃቸውን አነሡ።

እትዬ የሺ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። በዕድሜም በኑሮም ይበልጡናል። ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይከፋው ቃል እየመረጡ ተናገሩ። ጊዜው ተለውጧል አሉ። የኪራይ ቤት ጠባብ ነው፣ አከራዩም ይቆጣል፣ ከመካከላችን እስከ አራብሳ ድረስ የራቁ አሉ፣ በዚህ ዝናብ የሁላችንም ጉልበት አይችልም አሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ ጽዋው እዚሁ እሳቸው ሳሎን ይቀመጥ፤ ተራው የደረሳት ድርሻዋን ታምጣና ዝግጅቱ እዚሁ ይሁን። ለእኛ አስበው እንጂ ለእሳቸውማ ሥራ መጨመር እንደሆነ ተናገሩ። እውነታቸውን ነው። ክፋት የለባቸውም።

 የቤት ባለቤቶቹ ወደ አባ አዩ፤ ተከራዮቹ ወደ ምንጣፉ አዩ። እኔ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል። ጽዋው ቤቷ ያልገባላት ሴት አንድ ወር ትመጣለች፣ ሁለተኛ ወር ትመጣለች። በእንግድነት መምጣት ይከብዳታል። ከዚያ ታመመች ይባላል። ከዚያ ስሟን የሚጠራ ይጠፋል። ሁለት እህቶቻችን ክፍላቸው ጠበበ ብለው ተራቸውን ዘልለው እንዲሁ ቀሩ። ማንም አላስወጣቸውም፤ ግን ዛሬ የሉም።

እንደ ቆምኩ የድሮው ግቢያችን መጣብኝ።

አትላስ ያኔ ዛሬ የምታዩት አትላስ አይደለም። ሆቴሉም ጭፈራ ቤቱም እንዲህ አልተደረደረም። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ኮረኮንች ነው፤ ከኮረኮንቹ ዳር ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የእማማ ዘርፌ ግቢ። በረድፍ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች፣ በኖራ የተቀቡ፣ በራቸው ሁሉ ሰማያዊ። አንዱ ክፍል በወር አርባ ብር፣ መብራትና ውሃ ጨምሮ። አርባ ብር ያኔ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። እኔ ሆቴል ቤት አንሶላ እያጠብኩ፣ ባለቤቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ እየሠራ፣ ወሩ ሲገባ ሳንቲም እንቆጥር ነበር። ግን ተከፍሎ ይተርፍ ነበር። በተረፈው ሸራ ጫማ ይገዛል፣ ለበዓል የፖሊስተር ቀሚስ ይሰፋል፣ ስኳር በሩብ ኪሎ ይገባል። ለታክሲ ስሙኒ ይበቃል፤ ስሙኒ ከሌለም በእግር ይኬዳል። ከማዕዘኑ ላይ አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች፤ ቴፗ ሲያረጅ ካሴቱን ትጎትተዋለች፣ ዘፋኙ ሁሉ የታመመ ይመስላል። የግቢያችን ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ዜማውን እንደዚያው እየጎተቱ ያንጎራጉሩትና ይሳሳቃሉ። ዛሬም አንዳንዱን ዘፈን በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው የተበላሸ ይመስለኛል።

እማማ ዘርፌ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪውን አጥፍተው ይተኛሉ፤ የሰባቱም ክፍል ሰው አብሮ ይተኛል። ኪራይ ሳንከፍል ያለፈን ወር ሲኖር ግን በር አያንኳኩም፤ አይተው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ክፍል የእትዬ የሺ ነበር። ባለቤታቸው ቀያሽ ነበሩ፤ በኋላ ገርጂ፣ ገና የገብስ ማሳ ሳለች፣ ቦታ ተመርተው ሠሩ። ከእኔ ቀጥላ ከድጃ ነበረች፣ የስልጤ ልጅ፣ ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ። ቅዳሜ ማታ ስትመለስ ቀሚሷ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ሽታው እኔ ጋ ይገባል። እኔ ወጥ ሳልሠራ የወጥ ሽታ ነበረኝ።

ማኅበሩ የተጀመረው በዚያ ግቢ ነው። ሠናይትን የወለድኩ ቀን ዝናብ ነበር፤ ኮረኮንቹ ተቆርጦ መኪና አይገባም፣ ምጡ ግን አይጠብቅም። ልጅቷ ማሕፀኔ ውስጥ ተጣማ ነበር። ሴቶቹ ከበውኝ እመቤታችንን ተጣሩ። ከድጃም እጄን ይዛ በራሷ ጸሎት ትጸልያለች። ልጄ በሰላም ወጣች። እትዬ የሺ እዚያው መሬት ላይ ተንበርክከው በእመቤታችን ስም ጽዋ እናቆማለን ብለው ተሳሉ፤ እኛም አሜን አልን። የመጀመሪያው ጽዋ የገባው እኔ ክፍል ነው። ክፍሉ ሰዉን አልያዘውም። ከድጃ ሳትጠየቅ የራሷን በር ከፈተችና የተረፈው እዚያ ተቀመጠ፤ አባ ከእኔ ክፍል ሲያነቡ በከድጃ ክፍል አሜን ይባላል። እማማ ዘርፌ ምን ሁከት ነው እያሉ መጡ፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቀመሱ፣ አልተነሡም። በሚቀጥለው ወር አባል ሆኑ።

ከዚያ አስፋልት ገባ። አስፋልት ሲገባ እኛ እንወጣለን፤ ይህን በዕድሜዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እማማ ዘርፌ ዐረፉ፣ ልጆቻቸው ግቢውን ሸጡ፣ ዛሬ ባሕር ዛፉ የነበረበት ቦታ መስታወት የለበሰ ሕንፃ አለ። እኔ ልጄን አዝዬ ገርጂ ገባሁ። ባለቤቴ በመንገድ ላይ ሳለ ዐርፎ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ገርጂ መጀመሪያ መቶ ሃያ ብር ነበር። ቀጥሎ ሁለት መቶ ሆነ። ከቦሌ ወደ ምሥራቅ መብራትና ታክሲ እየተከተለ ሲሄድ ዋጋውም ይከተላል፤ ዋጋው ሲደርስ እኛ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብለን እንሸሻለን። አስፋልት የገባበት የአትላስ የአንድ ክፍል ኪራይ ገርጂ ላይ ግማሹ ነው፤ ገርጂ ሲወደድ ሰሚት ግማሹ ይሆናል፤ ሰሚት ሲወደድ ጎሮ፣ ከዚያ አራብሳ። የኪራይን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማንንም ከሚጠይቅ የእኛን ጽዋ ቢከተል ይበቃው ነበር። ጽዋው አትላስ ጀርባ ተነሥቶ ገርጂ ዞረ፣ ሰሚት ገባ፣ አሁን ከተማው ወደሚያልቅበት እየሄደ ነው። ከተማው ግን አያልቅም።

ከገርጂ የወጣሁበትን ነገር ሳስታውስ ዛሬም ያስቀኛል። አከራዬ ወይዘሮ አሰለፈች ይባላሉ። አንድ ቀን ጠርተው፣ የእህታቸው ልጅ ከቤሩት ልትመጣ ስለሆነ ክፍሉን እንደሚፈልጉት ነገሩኝ። እንባም ቢጤ ነበራቸው። ልጅቷ ስንት ዓመት ተንከራታለች፤ ዘመድ ጋ ትረፍ፣ ወገቧን ታሳርፍ አሉኝ። እኔ ደግሞ አመንኩ። ከተማው ሁሉ ይህን የሚለው ኪራይ ሊጨምር ሲፈልግ መሆኑን የማላውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከልቤ አዘንኩላት። በሳምንቱ ወጣሁ። ወር ሲሞላ ልጅቷ ገብታ ይሆናል ብዬ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ ልላት ሄድኩ። ከድሮ ክፍሌ በር ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ልብስ ታሰጣለች።

«ከቤሩት የመጣሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«ኧረ እኔ የመጣሁት ከወልቂጤ ነው» አለችኝ።

 ስንት እንደገባች ጠየቅኋት። ነገረችኝ፤ እኔ እከፍለው የነበረው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ዳቦውን አቅፌ ልመለስ ዞርኩ። «እና ዳቦውን ይዘውት ሊሄዱ ነው?» አለች። ደፍ ላይ ተቀምጠን ቆረስነው። ወይንሸት ትባላለች። በቀጣዩ ሃያ አንድ ይዣት መጣሁ፣ ማኅበርተኛ ሆነች። ወይዘሮ አሰለፈችን አልቀየምኳቸውም። እህት ሰጡኝ። እሷንም ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ የእህት ልጅ ከዱባይ መጣችባት።

እንግዲህ እትዬ የሺ ሳሎን ውስጥ ቆሜ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አለፈብኝ። ልፍስፍሱ ሶፋ፣ ረጅሙ መጋረጃ፣ ንጹሑ ምንጣፍ። ደግ ቤት ነው። ግን ጽዋችን በሳሎን አልተወለደም።

«እትዬ የሺ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አልኩ። «ጽዋዬን ይስጡኝ።»

«የት ታስቀምጪናለሽ አስካለ? አንዳችን ባንዳችን ላይ ልንሆን ነው?»

«በአርባ ብሩ ቤት እንዴት ነበር የተቀመጥነው?»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እትዬ የሺ ፊታቸው ጠቆረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ትንሽ ፈታ አለ። አባ ብድግ ብለው ጽዋውን በጥልፍ ጨርቁ እንደተሸፈነ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። ወይንሸት ብቻዋን እልል አለች። ሌሎቹ ተከተሉ።

ከገርጂ ወጥቼ የተከራየሁበት የሰሚቱ ቤት አከራይ ኤርሚያስ ይባላል። ወላጆቹ ትተውለት የሄዱትን ግቢ ነው የሚያከራየው፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ በረድፍ የተሠሩ ሰርቪስ ክፍሎች። ክፉ ልጅ አይደለም። ስሄድም ስመጣም ማዘር ብሎ ይጠራኛል፤ የጋዝ ሲሊንደሬን ተሸክሞልኝ ያውቃል። ተደብቄ ማድረግ አልፈለግኩም። በማግስቱ በሩን አንኳኩቼ፣ በነሐሴ ሃያ አንድ ማኅበር እንደማስገባ ነገርኩት። ፊቱን አሸ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሊሞላ እንደሆነ፣ ውሃ በቦቴ እንደሚገዛ፣ ለአንድ ተከራይ ከፈቀደ ሌላው ልደት እንደሚያከብር ዘረዘረልኝ። ሐሰት አልነበረበትም።

«ማዘር፣ እኔ ሃይማኖት አልከለከልኩም» አለ። «የከለከልኩት ሰው ነው።»

«ልጄ፣ ያለ ሰው ማኅበር አላውቅም።»

ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን አልለዘበም። ሰው ከተሰበሰበ ሌላ ቤት እንድፈልግ ነገረኝ። በዚያ ላይ ከመስከረም ጀምሮ የሁሉም ክፍል ዋጋ ይስተካከላል አለ። ስድስት ሺህ እንከፍል ነበር፤ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ኪራይ ተስተካከለ ሲባል ወደ ታች ሲስተካከል ሰምቼ አላውቅም፤ ይህንንም ነገርኩት። ገበያው ነው አለኝ። ገበያው የሚባለውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ብዙ የምጠይቀው ነበረኝ።

ማታ ከልጄ ጋር ተነጋገርን። ሠናይት ገርጂ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጎበዝ ናት፤ ኪራዩን ግማሽ የምትከፍለው እሷ ናት፣ ስለዚህ መናገር ይገባታል።

«እማ፣ ይሄ ሪስክ ነው» አለች። «ለአንድ ከሰዓት ብለን ሜዳ ላይ እንውደቅ? ከአራብሳ እስከ ሥራዬ ሁለት ታክሲ ነው፤ እሱም ከተገኘ። እትዬ የሺ ሳሎን ምን ነበረው?»

ምን ነበረው። እውነት ነው፣ የምታጣው እሷ ናት፤ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ አራብሳም ብሆን የምጠብቀው ታክሲ የለም። እንዲህ ባሰብኩ ጊዜ ልቤ ሊሸነፍ ነበር። ተነሥቼ ጽዋው ወዳለበት ጥግ ሄጄ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ስምንት ዓመት ኪራይ የከፈልነው ለመተኛት ብቻ ከሆነ» አልኳት፣ «ቤት አልተከራየንም። አልጋ ነው የተከራየነው።»

የኪራይ አዋጅ መውጣቱን፣ አከራይ እንደ ፈለገ ማስወጣት እንደማይችል ነገረችኝ። ሰምቻለሁ፤ ደግ አዋጅ ነው። ውሃ ሲዘጋብን ግን አዋጁ ባልዲ አይሞላልንም። እሷም ይህን ታውቃለች። ስልኳን አየች። ቆይታ፣ ሳታየኝ፣ አልጋው ሳይፈታ ሰው እንደማይገባ ተናገረች። ፈቀደችልኝ ማለት ነው።

ፍልሰታ ተጾመ፣ ተፈታ። ሃያ አንድ ረቡዕ ዋለ፤ ጾም ነውና ሽሮና ምስር፣ ንፍሮና ዳቦ አዘጋጀሁ። ጠላውን ከመጋረጃው ጀርባ ጠምቄዋለሁ። ዳቦውን ወይንሸት አራብሳ ቤቷ ጋግራ በታክሲ አመጣችው። ከእነሙቀቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሲያይ፣ ወያላው ዳቦው ለብቻው ሒሳብ ይክፈል አለበለዚያ ለሁላችን ይቆረስ አላት አሉ። ከድጃ ደግሞ ከሾላ መጣች። አሁን ሱቅ አላት፣ የልጅ ልጆች አሏት፣ ጉልበቷ እንደኔው ያማታል። በኪራይ ፒካፕ የፕላስቲክ በርጩማ ጭና አመጣችና፣ «አስካልዬ፣ በዚህኛው ቤት በር የምከፍትልሽ ክፍል የለኝም፤ መቀመጫ ይኸውልሽ» አለችኝ። እንድትቆይ ለመንኳት። ገበያዬን ጥዬ ነው ብላ ጉንጬን ስማ ሄደች።

አልጋውን ፈትተን በላስቲክ ጠቅልለን ጣሪያው ሥር ውጭ አቆምነው። ክፍሉ ባዶውን ሲታይ እኔንም ገረመኝ፤ ያን ያህል ጠባብ አይደለም። ማኅበርተኛው ከዝናብ እየተጣደፈ ገባ። አባ ወንበሯ ላይ፣ አሮጊቶቹ በርጩማ ላይ፣ ሌላው ምንጣፍ ላይ፣ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ላይ። መጨረሻ የመጡት ደፉ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ቆሙ። እትዬ የሺ መጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ቤታቸውን ከሠሩ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ ሁሌም ሕመም ወይ ሐዘን ይገጥማቸው ነበር፤ ይህን ክፍል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።  ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ሠናይት አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

አባ ጸሎቱን ሲያደርሱ ኤርሚያስ መጣ። ዝናብ ውስጥ ቆመ። አሜን እስኪባል ጠበቀ፤ እናቱ በደንብ አሳድገውታል። ወጣሁለት። ድምፁን ዝቅ ሊያደርግ ሞከረ፣ ግን በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

«ማዘር፣ ተነጋግረን ነበር።»

«ተነጋግረናል። ነግሬህም ነበር።»

«እንግዲያው አዲስ ዓመት ሳይገባ ክፍሉን ይልቀቁልኝ። በመስከረም የሚገባ ሰው አለኝ።»

የማን የእህት ልጅ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩትም።  ሠናይት አንገቷን አቀረቀረች። እኔ አፈርኩ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላፈርኩም። የዚህን ቤት ኪራይ አንድ ወር አላሳለፍኩም፣ ሰው አልበደልኩም፣ ጓዳዬ ንጹሕ ነው፣ ቤቴ እመቤታችን ገብታለች።

«እሺ ልጄ» አልኩት። «እለቃለሁ። መጀመሪያ ግባና ቅመስ፣ ዝናብ ላይ አትቁም።»

አልገባም። ደፉ ላይ ቆሞ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ተሳለመው፣ በላው፣ አመሰገነ። ቃሉን ግን አላጠፈም። እኔም የኔን አላጠፍኩም። እንዲህ ተለያየን፤ በሰላም።

ስገባ እትዬ የሺ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። እሳቸው ግቢ ያለው ሰርቪስ ባዶ መሆኑን፣ ነገውኑ እንድገባ፣ የኪራይ ነገር እንዳይነሣ ለአባም ለሁሉም እየነገሩ ተናገሩ። ሠናይት ቀና አለች። ገርጂ ነው፤ ሥራዋ ከዚያ በእግር ነው። ይህ ስጦታ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አላጣሁትም። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ጌታ ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። «ግን አልገባም። እርስዎ ግቢ ከገባሁ ተራዬ ሲደርስ ማኅበሩ እርስዎ ሳሎን ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ወር ያሉት ያለ ክርክር ሆነ ማለት ነው። እኔ ሳሎንዎ ከገባሁ ነገ ወይንሸት ጽዋዬን ይስጡኝ ብላ እንዴት ትቆማለች?»

«አንቺ ልጅ፣ ከድሮም ግትር ነሽ።»

«ከድሮም ተከራይ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም፤ ግን ጠላውን እየቀዳች ስታልፍ በትከሻዋ ነካ አድርጋኝ አለፈች። በፍቅር ይሁን በቁጣ አላውቅም። ሁለቱም ይኖርበታል።

የማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ። ቀጣይዋ ተረኛ ወይንሸት ናት፤ አራብሳ፣ አንድ ክፍል። ጽዋውን የሚያሻግሩት ሙሴዋ ናቸውና ሁላችንም እትዬ የሺን አየን። ጽዋውን አንሥተው በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«መንገዱ ጭቃ ነው?» አሏት።

«እስከ ቁርጭምጭሚት ነው እትዬ።»

«ቦት ጫማ አለኝ» አሉና አስረከቧት። እልልታው ግቢውን ሞላው። ከጎረቤት ክፍሎች ተከራዮቹ ብቅ ብቅ አሉ፤ ወይንሸት ለሁሉም ዳቦ አዞረች።

በማግስቱ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሠናይት በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ኖሯል። ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ጎሮ ወርደን አንድ ደላላ አገኘን፤ ከጎሮ ወደ አራብሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ክፍሎችን ሊያሳየን ተስማማን። የመጀመሪያዋ አከራይ ክፍሏን ከፍታ አሳየችን፣ ጥሩ ክፍል ነው። ዋጋውን ልትነግረኝ ስትል አቋረጥኳት። በዓመት አንድ ቀን የእመቤታችንን ማኅበር አስገባለሁ፣ በየመካከሉም እህቶቼ ይጠይቁኛል፣ ይህን ከፈቀድሽልኝ ዋጋውን ንገሪኝ አልኳት። በሩን መልሳ ቆለፈችው። ሁለተኛው ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ በትሕትና አይሆንም አሉን። ደላላው ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ ተከተለኝ።

«ማዘር፣ ይሄን ነገር ከገቡ በኋላ ቢያነሡት አይሻልም?»

«አይሻልም» አለችው ሠናይት። ቀድማኝ ሄዳ ሦስተኛውን በር አንኳኳች፤ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ከአጠገቧ ቆምኩ።